የእንቅልፍ ኪኒኑ በፍሬ ይቆጠር፤ ለጎንደር ከተማ የጤና፣ የፖሊስና የፍትሕ ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ለጎንደር ከተማ አስተዳደር ጤና መምሪያ
ለጎንደር ከተማ ፖሊስ መምሪያ
ለጎንደር ከተማ ፍትሕ መምሪያ

ግልባጭ፦ ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ፤ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፤ ለጎንደር ሕዝብ

ጉዳዩ፦ ያለ ሐኪም ማዘዣና በተሳሳተ ስያሜ የሚሸጡ የእንቅልፍና የማረጋጊያ መድኃኒቶችን ይመለከታል

ክቡራን፤

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በጎንደር ከተማ በመድኃኒትና በሕክምና ሙያ የምናገለግል ሰዎች ነን። የምንጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። የእንቅልፍና የማረጋጊያ ኪኒን ያለ ማዘዣ በሚሸጥ መድኃኒት ቤት ላይ የሚወሰደው እርምጃ በሩን በማሸግ አያብቃ። የገባው፣ የወጣውና የቀረው ኪኒን በፍሬ ይቆጠር። በሩ የታሸገበት ነጋዴ ቅጣቱን ከፍሎ፣ ግዴታ ፈርሞ መልሶ ይከፍታል፤ ከመዝገቡ የጎደለው ኪኒን የት እንደደረሰ ግን የሚጠይቀው ሳይኖር ይቀራል።

ስለ የትኞቹ መድኃኒቶች እንደምንናገር አስቀድመን እናስታውቅ። ዋነኛው ዳያዚፓም ነው፤ ብዙ ሰው ቫሊየም እያለ የሚጠራው። ብሮማዜፓም፣ አልፕራዞላም፣ ሎራዜፓምና ክሎናዜፓም ከሱ ወገን ናቸው። ፌኖባርቢታልም ከእነሱ ጋር ይደመራል። ሁሉም በ1971 እ.ኤ.አ. በወጣው የሳይኮትሮፒክ (በአእምሮ ላይ የሚሠሩ) ንጥረ ነገሮች ዓለም አቀፍ ስምምነት አራተኛ ሰንጠረዥ ውስጥ የሰፈሩ ናቸው፤ ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። ትራማዶል ወገኑ ከሕመም ማስታገሻዎች ነው። ሆኖም ያለ ማዘዣ ሲሸጥ በዚያው ባንኮኒ፣ ለዚያው ገዢ፣ በዚያው ፖስታ ስለሆነ ነጥሎ ማየቱ አይጠቅምም።

የተሳሳተ ስያሜ ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ሐሰተኛ ፋብሪካ ያሳተመውን ካርቶን ነው። እሱም አለ። በቅርብ የምናውቀው ጥፋት ግን የሚፈጸመው ባንኮኒው ላይ፣ በመቀስና በነጭ ፖስታ ነው። አንድ ስትሪፕ፣ ኪኒኖቹ በተርታ የታሸጉበትን ቁራጭ፣ አንሥታችሁ ጀርባውን እዩት። የመድኃኒቱ ስም በየቦታው ይደጋገማል፤ የባች ቁጥሩ (ኪኒኑ በየትኛው ዙር እንደተመረተ የሚለየው ቁጥር) እና የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜው ግን ብዙውን ጊዜ ያለው አንደኛው ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ጠንቃቃ ባለሙያ የሚቆርጠው ከሌላኛው ጫፍ ጀምሮ ነው፤ ባች ያለበት ጫፍ እስከ መጨረሻው ፍሬ ድረስ መደርደሪያው ላይ ይቆያል። መደበቅ የፈለገ ሰው ደግሞ አስቀድሞ ቆርጦ የሚጥለው ያንኑ ጫፍ ነው። የተረፈው ስትሪፕ ከየትኛው ካርቶን እንደወጣና መቼ እንደሚያበቃ የሚናገር አንድ ፊደል አይኖረውም። ኪኒኑ ከስትሪፑ ተፈልፍሎ በፖስታ ከገባ ደግሞ ስሙም ይጠፋል። ፖስታው ላይ "ማታ 1" ከሚል ጽሑፍ ሌላ የሚገኝ የለም። በሙያው ደንብ የታካሚው ስም፣ የመድኃኒቱ ስምና መጠን በሚሊግራም፣ የፍሬው ብዛት፣ አወሳሰዱ፣ የተሰጠበት ቀንና የመድኃኒት ቤቱ ስም ሊኖርበት የሚገባው ፖስታ ማለት ነው።

ከስሙ ጋር የሚሄድ ሌላ ማታለያም አለ። እንቅልፍ የሚያመጣ ነገር ሁሉ "የእንቅልፍ ኪኒን" ተብሎ ይሰጣል። አሚትሪፕቲሊን የድባቴና የነርቭ ሕመም መድኃኒት ነው፤ ፕሮሜታዚንና ክሎርፌኒራሚን የአለርጂ ናቸው። ሦስቱም እንቅልፍ ያመጣሉ። ዳያዚፓም ፈልጎ ለመጣ ሰው አንዱን "ቀላል ማረጋጊያ ነው" ብሎ መስጠት ስያሜ መለወጥ ነው፤ ካርቶኑ የፋብሪካው ትክክለኛ ካርቶን ቢሆንም።

የዓመቱን ነገርም እንጨምር፤ ትንሽ ቢመስልም ብዙ ሰው የሚታለልበት ነው። ካርቶን ላይ የሚታተመው የአገልግሎት ማብቂያ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። 06/2024 የሚል ኪኒን ጊዜው ያለፈው በሰኔ 2016 ዓ.ም. ነው። በ2017 ዓ.ም. መድኃኒት ቤት የገባ ሰው 2024 የሚለውን ሲያነብ ገና ሰባት ዓመት የቀረው ይመስለዋል። ሻጩ "ይኸው፣ ዓመቱን እዩት" ብሎ ካርቶኑን በኩራት ሊያሳየው ይችላል። አንድም ሐሰት ቃል ሳይወጣው ገዢው ተታለለ። የጤና መምሪያው ኢንስፔክተሮች እንዲህ ያለ ካርቶን ሲያገኙ ቃለ ጉባኤው ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር ቢጽፉ መልካም ነው፤ ፋይሉን በኋላ የሚያነበው ሰው እንዳይሳሳት።

ይህ የስም ጉዳይ የሕይወት ጉዳይ የሚሆነው ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነው። ራሱን የሳተ ወጣት በባጃጅ ተጭኖ ይመጣል። አስታማሚው ከኪሱ ያገኘውን ባዶ ነጭ ፖስታ ይዟል። የተወሰደው ዳያዚፓም ብቻ ከሆነ የአየር መተላለፊያውን ከፍቶ፣ ኦክስጅን እየሰጡ በቅርብ መከታተል አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ትራማዶል ካለበት ትንፋሹን ለመመለስ ናሎክሶን የሚባል ማርከሻ ያስፈልጋል። አሚትሪፕቲሊን ከሆነ አደጋው ልብ ላይ ስለሆነ ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ታይቶ ሶዲየም ባይካርቦኔት በደም ሥር መሰጠት ሊኖርበት ይችላል። ፍሉማዜኒል የሚባል የዳያዚፓም ማርከሻ አለ። ነገር ግን አሚትሪፕቲሊን አብሮ ለወሰደ፣ ወይም ዳያዚፓም ለወራት ለለመደ ሰው ቢሰጥ እሱ ራሱ የሚጥል ሕመም ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ማርከሻው በእጁ ቢሆን እንኳ ይሰጥ ዘንድ አይደፍርም። ፖስታው ላይ አንድ ቃል፣ የመድኃኒቱ ስም ብቻ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ከእነዚህ መንገዶች የትኛውን እንደሚይዝ ወዲያው ባወቀ ነበር።

ሐሰተኛ ዳያዚፓም ከተማ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ በ2015 እ.ኤ.አ. በዴሞክራቲክ ኮንጎ ሰሜን ምሥራቅ ታይቷል። ከ1,000 በላይ ሰዎች አንገታቸው ተጣምሞ፣ ምላሳቸው ወጥቶ፣ ዓይናቸው ወደ ላይ ተሰቅሎ ወደ ጤና ተቋማት መጡ። በመጀመሪያ የተጠረጠረው ማጅራት ገትር ነበር። ኪኒኑ ላቦራቶሪ ሲመረመር "ዳያዚፓም" ተብሎ የተሸጠው ሃሎፔሪዶል ሆኖ ተገኘ፤ ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጥ መድኃኒት። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት በጁላይ መጀመሪያ ላይ ማስጠንቀቂያ አወጣ። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ጎንደር ላይ ቢገኝ ቤተሰቡ የሚጥል በሽታ ነው፣ ወይም ክፉ መንፈስ ነው ብሎ ወደ ጠበል ሊወስደው ይችላል። ጠበሉን አንነቅፍም። የምንለው፣ አንገት ድንገት የተጣመመበት ሰው ሁሉ ባለፉት ሦስት ቀናት ምን ኪኒን እንደወሰደ ይጠየቅ፤ ፖስታውም አብሮት ይምጣ። የመድኃኒቱ ጉዳት ከሆነ በመርፌ በሚሰጥ ባይፐሪደን ወይም ፕሮሜታዚን ብዙ ጊዜ በአጭር ሰዓት ውስጥ ይፈታል።

ኪኒኑ ትክክለኛው ዳያዚፓም ቢሆንስ? እሱም ያለ ሐኪም ክትትል ሲሸጥ ይጎዳል። ዳያዚፓም ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ግማሹ እስኪወጣ አንድ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ጉበት ውስጥ ተለውጦ የሚፈጠረው ንጥረ ነገር ደግሞ ከዚያም በላይ ይቆያል። ማታ 3 ሰዓት ላይ የዋጠው ሹፌር በማግስቱ ጠዋት መሪ ሲይዝ ኪኒኑ አሁንም ደሙ ውስጥ አለ። በየቀኑ ሲወሰድ ይጠራቀማል። ከአረቄ ወይም ከትራማዶል ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ጫት ቅሞ ምርቃናውን ለመስበር በጨብሲ ላይ ኪኒን የሚጨምር ሰው ሁለቱን የትንፋሽ ማፈኛዎች፣ መጠጡንና ኪኒኑን፣ በአንድ ምሽት ይወስዳል። ለእንቅልፍ ማጣት ሐኪም ቢያዝዘው እንኳ ከ2 እስከ 4 ሳምንት እንዳያልፍ የሚመከረው ሰውነት ቶሎ ስለሚለምደው ነው።

እንግዲህ ወደ ቆጠራው እንምጣ።

የተለመደው ፍተሻ ከመደርደሪያው ይጀምራል። መደርደሪያው ላይ ግን ምንም አይገኝም፤ ኪኒኑ ያለው መሳቢያ ውስጥ፣ ወይም ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ ባለው መኖሪያ ቤት ነው። የሚሻለው ከጅምላ አከፋፋዩ መጀመር ነው። ባለ መድኃኒት ቤቱ የራሱን ደረሰኝ ሊቀድ ይችላል፤ አከፋፋዩ ጋ ያለውን ቀሪ ግን አያገኘውም። ጤና መምሪያው ለጎንደር መድኃኒት ቤቶች ሳይኮትሮፒክ የሚሸጡ አከፋፋዮችን የሦስት ወር የሽያጭ ዝርዝር ይጠይቅ። የመድኃኒት ቤቱ ስም፣ ቀን፣ የመድኃኒቱ መጠን፣ ባች ቁጥርና ብዛት ይኑረው። ይህ ወረቀት በእጅ ከገባ በኋላ ነው ወደ መድኃኒት ቤቱ መሄድ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ለምሳሌ አንድ መድኃኒት ቤት ሩብ ዓመቱን ሲጀምር 200 ፍሬ ዳያዚፓም 5 ሚሊግራም ነበረው እንበል። በሦስት ወር ውስጥ ባለ 100 ፍሬ 30 ካርቶን ገዛ፤ 3,000 ፍሬ ማለት ነው። ድምሩ 3,200 ይሆናል። አስቀምጦ ያሳየው የማዘዣ ወረቀት 42 ነው፤ በእነሱ ላይ የታዘዘው ሲደመር 630 ፍሬ ሆነ። በቆጠራ የተገኘው 740 ነው። 630 እና 740 ሲደመሩ 1,370 ናቸው። ከ3,200 ላይ ሲቀነስ 1,830 ፍሬ ጎድሏል። ይህን ጉድለት ለማግኘት ድብቅ ገዢ መላክ፣ ምስክር መፈለግ፣ እጅ ከፍንጅ መያዝ አላስፈለገም። ባለቤቱ 1,830ውን ፍሬ ለማን እንደሰጠ በወረቀት ያስረዳ፤ ካልቻለ ቃለ ጉባኤው ራሱ ማስረጃ ነው።

ስሌቱ ወደ ሌላኛው ጎንም ሊያጋድል ይችላል፤ ይህኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በማዘዣ የወጣውና በእጅ ያለው ሲደመር ከተገዛው ከበለጠ ትርፉ ኪኒን በሌላ በር የገባ ነው፤ ያለ ደረሰኝ፣ ምናልባትም ያለ ምዝገባ። ጉድለት ያለ ማዘዣ መሸጥን ያሳያል፤ ትርፍ ደግሞ ምንጩ ያልታወቀ መድኃኒት መያዝን። ጥፋቶቹ የተለያዩ ስለሆኑ በቃለ ጉባኤው ላይ "የመዝገብ ጉድለት" በሚል አንድ ስም ባይጠቃለሉ እንመኛለን። ለየመጠኑም ለብቻው ይቆጠር፤ የ2፣ የ5 እና የ10 ሚሊግራሙን ደባልቆ መደመር አንዱ ጉድለት በሌላው ትርፍ እንዲሸፈን ያደርጋል።

ከዚያ ማዘዣዎቹ ይታዩ። ቆጠራ እንደሚመጣ ያወቀ ሰው ወረቀት ይሞላል። ሃያ ማዘዣ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ሰው እጅ ጽሑፍ፣ በተከታታይ ቁጥር ሲገኝ ዓይን ይይዛል። የታካሚ ዕድሜና የካርድ ቁጥር የሌለበት፣ ማኅተሙ እንዳይነበብ የደበዘዘም እንዲሁ። ቀኖቹን ከቀን መቁጠሪያ ጋር ማመሳከር ደግሞ ምንም ወጪ የለውም። ጎንደር ላይ ጥር 11 ቀን ማን ተመላላሽ ክሊኒክ ከፍቶ ማዘዣ ይጽፋል? ጥምቀት በዋለበት ቀን የተጻፉ አምስት የእንቅልፍ ማዘዣዎች ቢያንስ ጥያቄ ያስነሣሉ። ከመቶ ማዘዣ አሥሩን መርጦ ጻፉ ወደተባሉት ክሊኒኮች መደወልና ከካርድ ክፍል ማመሳከር የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።

ፈቃዱ በስሙ ያለው ባለሙያ በአካል መኖሩም ይጣራ። ፈቃድ ማከራየት የሙያችን ቁስል ነው፤ እኛው ልንናገረው ይገባል። ግድግዳው ላይ የፋርማሲስቱ የምስክር ወረቀት ተሰቅሏል፤ ሰውየው ግን ሌላ ከተማ ተቀጥሮ ይሠራል፤ ባንኮኒው ላይ የቆመው ልጅ የተነገረውን ይሸጣል። ጥፋት ሲገኝ የሚቀጣው ልጁ ብቻ ከሆነ ፈቃዱን ያከራየውም ባለቤቱም በነጋታው ሌላ ልጅ ይቀጥራሉ። ሦስቱም በስም ይጠሩ። የማዘዣና የሳይኮትሮፒክ መዝገብ ላይ ያለው ፊርማ ፈቃዱ ላይ ካለው ፊርማ ጋር ሲነጻጸር ማን እንደሠራ ብዙ ጊዜ ግልጽ ይሆናል።

ለፖሊስ አባላት ሁለት ነገር። የጤና መምሪያው ኢንስፔክተር በሥልጣኑ የሚገባው ፈቃድ ወደተሰጠው የሥራ ቦታ ነው። ከጀርባው ያለውን መኖሪያ ቤት ለመፈተሽ ግን የፍርድ ቤት የብርበራ ትእዛዝ ያስፈልጋል፤ በሥነ ሥርዓት ሕጉም ፍርድ ቤቱ በተለይ ካልፈቀደ በቀር ብርበራ የሚደረገው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ያለ ትእዛዝ በምሽት የተያዘ አንድ ጆንያ ኪኒን ክሱን ያበላሽ ይሆናል እንጂ አያጠነክረውም። ሁለተኛው፣ ትእዛዙ ቀድሞ ወጥቶ ሥራው በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት በተለያዩ ክፍለ ከተሞች ይጀመር። ከፒያሳ እስከ አዘዞ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል፤ አራዳ ላይ ጠዋት የተጀመረ ፍተሻ ማራኪ እስኪደርስ መሳቢያው ባዶ ነው።

አብዛኛው ክስ የሚወድቀው ናሙናው ላይ ነው ብንል አናጋንንም። ኪኒን በእጅ ተዘግኖ በፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ፣ ጠረጴዛ ሥር ወር ከቆየ በኋላ "ይህ ከዚያ ቤት የተያዘው ነው" ብሎ የሚመሰክር ሰው አይገኝም። እንዲህ ይደረግ እንላለን። ኪኒኑ ከስትሪፑም ከካርቶኑም አይውጣ። እያንዳንዱ ባች ለብቻው ይቆጠር። ባንኮኒው ላይ እንዳለ፣ ካርቶኑና ባች ቁጥሩ እንዲነበብ ሆኖ ፎቶ ይነሣ። ናሙናው በሦስት ይከፈልና እያንዳንዱ በፖስታ ታሽጎ ባለቤቱ፣ ኢንስፔክተሩና ታዛቢው በማሸጊያው ላይ ይፈርሙበት፤ አንዱ ለላቦራቶሪ፣ አንዱ ለባለቤቱ፣ አንዱ ለፍርድ ቤት እስኪፈለግ ይቀመጥ። ባለቤቱ አልፈርምም ካለ አለመፈረሙ ይጻፍ። ከዚያ በኋላ ናሙናው እጅ በለወጠ ቁጥር ማን ለማን፣ በስንት ሰዓት እንዳስረከበ የሚመዘገብበት አንድ ቅጽ አብሮት ይሂድ። የሚቀመጥበት ቦታ ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ የማይበልጥ፣ ደረቅና ብርሃን የማይገባበት ይሁን፤ የተከሳሽ ጠበቃ "መድኃኒቱን ያበላሸው የእናንተ መጋዘን ነው" ሊል ይችላልና።

ምርመራውን በተመለከተ አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ሁሉንም ናሙና ወደዚያ መላክ አይቻልም፣ አያስፈልግምም። የመጀመሪያ ማጣሪያ እዚሁ ሊሠራ ይችላል። ያልተሸፈነ ኪኒን በ37 ዲግሪ ውኃ ውስጥ በ15 ደቂቃ መፍረስ አለበት። ንጥረ ነገሮችን ለያይቶ በሚያሳየው ስሱ ንጣፍ ክሮማቶግራፊ ደግሞ የተጠረጠረውን ኪኒን ከመለኪያ ዳያዚፓም ጎን አስቀምጦ ማነጻጸር ይቻላል፤ ሃሎፔሪዶል ወይም ሌላ ነገር ከሆነ ነጠብጣቡ የሚቆምበት ቦታ ይለያል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤት አለው። ጤና መምሪያው ከዩኒቨርሲቲው ጋር የመግባቢያ ሰነድ ቢፈራረም ማጣሪያውን ያላለፈው ብቻ ለሙሉ ምርመራ ይላካል። ማጣሪያ ማለፍ ኪኒኑ ጤነኛ ነው ማለት እንዳልሆነ ግን ይታወቅ፤ መጠኑ የጎደለ ኪኒን በማጣሪያው ሊያልፍ ይችላል። ፍርድ ቤት መቅረብ ያለበትም ሥልጣን ያለው ላቦራቶሪ የሰጠው ውጤት ነው።

ለዐቃብያነ ሕግ የምንለው አጭር ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለ። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 ሳይኮትሮፒክ ንጥረ ነገሮችን በሕገ ወጥ መንገድ ማዘዋወር ያስቀጣል። ስለ ሐሰተኛ ስያሜ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለ፤ ድንበር ተሻግሮ ለገባው የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 አለ። ችግሩ የሚመጣው ጉዳዩ ከእነዚህ ወደ ቀላሉ ብቻ ሲወርድ ነው። 1,830 ፍሬ ሳይኮትሮፒክ የጎደለበት ቤት "በንጽሕና ጉድለትና በመዝገብ አያያዝ" ተብሎ አስተዳደራዊ ቅጣት ከተቀጣ በኋላ መልሶ መክሰስ ይከብዳል። ስለዚህ እርምጃው ከመወሰኑ በፊት ዐቃቤ ሕግ ፋይሉን ይየው፤ ከተቻለም በቆጠራው ቀን አብሮ ይገኝ።

ኪኒኑ ከየት ይመጣል የሚለውን ማንም ጎንደሬ ያውቀዋል። ከአዘዞ ወደ ምዕራብ የሚታጠፈው የመተማ መንገድ እስከ ሱዳን ድንበር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሰውና ሸቀጥ ሲመላለስበት የኖረ መንገድ ነው። ኬላ ላይ የሚያዘው ግን ብዙ ጊዜ ነጂው ነው፤ ዕቃውን የጠየቀው መድኃኒት ቤት አይያዝም። የተያዘው ካርቶን ባች ቁጥር ተመዝግቦ ለጤና መምሪያው ቢደርስ፣ ከወር በኋላ ያው ባች ከተማ ውስጥ ባንኮኒ ላይ ሲገኝ ሁለቱ ጫፎች ይገናኛሉ። ለዚህ አዲስ መሥሪያ ቤት አያስፈልግም፤ የአንድ ገጽ ወረቀት ልውውጥ ይበቃል። ካርቶኑ በዐረብኛ ብቻ የተጻፈ ከሆነ ባለሙያው ማንበብ የማይችለውን መድኃኒት ለታካሚ ሊሰጥ አይገባምና ከመደርደሪያ ይነሣ።

አሁን የምንለውን በተለይ እንድትሰሙልን እንለምናለን። ይህ ዘመቻ በጥድፊያ ከተሠራ የሚጎዱ ሰዎች አሉ። ፌኖባርቢታል በአገራችን ብዙ የሚጥል በሽታ ታማሚ በየቀኑ የሚውጠው ርካሽ መድኃኒት ነው። መድኃኒት ቤቶች "ከፖሊስ ጋር ከምጣላ አልይዘውም" ብለው ማስገባቱን ቢያቆሙ ታማሚው በድንገት ያቋርጣል፤ ድንገት ማቋረጥ ደግሞ አንዱ ሕመም ሳይለቅ ሌላው የሚነሣበትን፣ ሊገድል የሚችለውን ተከታታይ መጣል ያመጣል። ከቁጥጥሩ ጋር አንድ ደብዳቤ ለሁሉም መድኃኒት ቤት ይድረስ፤ በትክክለኛ ማዘዣ የሚሰጥ ሳይኮትሮፒክ ሕጋዊ እንደሆነና መዝገቡን ያሟላ ቤት የሚፈራው እንደሌለ በግልጽ ይጻፍበት። ከተማው ውስጥ ፌኖባርቢታል በቋሚነት የሚገኝባቸው መድኃኒት ቤቶችም ተለይተው ይታወቁ።

ለወራት ወይም ለዓመታት ዳያዚፓም ያለ ማዘዣ ሲገዙ የኖሩ ሰዎችም አሉ። የሚገዙበት ቤት ዛሬ ቢታሸግ ነገ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ያልባቸዋል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፤ አንዳንዱ ይጥለዋል። በአጭር ጊዜ ከሰውነት የሚወጡት፣ እንደ አልፕራዞላም ያሉት፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ያስቸግራሉ፤ ዳያዚፓም ሳምንት ሊዘገይ ይችላል። እነዚህ ሰዎች ሕመምተኞች ናቸው፤ መታሰርም መዋረድም የለባቸውም። እየቀነሱ መተው ይችላሉ፤ ብዙውን ጊዜ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ እየተቀነሰ፣ በሐኪም ክትትል። ስለዚህ ፍተሻው ከመጀመሩ በፊት የሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍልና ጤና ጣቢያዎቹ ይነገራቸው። በታሸገ በር ላይ ከሚለጠፈው ማስታወቂያ ሥርም "ይህን መድኃኒት ሲወስዱ ለነበሩ፤ በድንገት አያቋርጡ፣ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ" የሚል አንድ መስመር ይጨመር።

ለከተማችን ሰው ደግሞ እንዲህ እንላለን። ኪኒን ስትገዙ ስሙ ያልተጻፈበት ፖስታ አትቀበሉ፤ ባንኮኒው ላይ መልሱና "ስሙን ጻፉልኝ" በሉ። ከስትሪፕ ሲቆረጥላችሁ ባች ያለበትን ጫፍ አሳዩኝ በሉ። የዓመቱን ቁጥር ስታነቡ ሰባት ወይም ስምንት ቀንሱ። የጎረቤት ኪኒን አትዋሱ። ሰው ኪኒን ውጦ ራሱን ከሳተ በጎኑ አስተኙት፤ ለማስመለስ ብላችሁ ወተት፣ ዘይት ወይም ጨው አታጠጡት፣ ወደ ሳንባው ይገባልና። ፖስታውን፣ ስትሪፑን፣ የተረፈውን ፍሬ ሁሉ ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። የሚያጠራጥር መድኃኒት ካገኛችሁ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ የስልክ መስመር 8482 ነው።

ክቡራን፤ የመጀመሪያው ቆጠራ በቀጣዩ ሩብ ዓመት በስድስቱም ክፍለ ከተሞች፣ በአራዳ፣ በማራኪ፣ በጃንተከል፣ በፋሲል፣ በዞብልና በአዘዞ ጠዳ፣ በአንድ ቀን እንዲደረግ እንጠይቃለን። ለቆጠራው የመድኃኒት ባለሙያ ካጠረ እኛ ያለ ክፍያ ለመቁጠር ፈቃደኞች ነን፤ አንዳችንም የምንሠራበትን ወይም ዘመድ ያለንበትን መድኃኒት ቤት እንዳንቆጥር ተደርጎ ይመደብ። የቆጠራው ውጤት፣ የስንት ቤት መዝገብ እንደተስማማና የስንቱ እንዳልተስማማ፣ ለሕዝብ ይነገር። መልሳችሁን በደብዳቤ እንጠብቃለን።

ከአክብሮታዊ ሰላምታ ጋር፤

በጎንደር ከተማ የምንሠራ የመድኃኒትና የሕክምና ባለሙያዎች